ደምሴ አይጨምርም

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የነገረኝ ሰው የመጣው ሊያረዳኝ አልነበረም፤ ሊያስተይብ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ ከነጃንጥላው ደጄ ላይ ቆሞ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ዘረጋልኝና «ቶሎ በይልኝ አስቴር፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። የማን ቀብር እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከሚቀበረው ሰው የብዙውን የሕይወት ታሪክ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ የማየው ስሙን ሳይሆን የገጹን ብዛት ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ተቀምጬ ሳለሁ እንደገና መቀመጥ አማረኝ።

«ጋሽ ደምሴ?» አልኩት።

«አዎ። ሸኮ፣ ልጁ ቤት ነው ያረፈው። ዛሬ ጠዋት አመጡት። አልሰማሽም እንዴ?» አለና በአገጩ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠቆመኝ፣ ቀጥዪ ለማለት።

ቀጠልኩ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ደምሴ በከተማችን የመጀመሪያው የኢንተርኔት መሐንዲስ፣ የአካባቢያችንን ኮረሪማ ለዓለም ገበያ ያበቃ፣ በገባው ቃል መሠረት ፈረንጅ እስከ ቴፒ ድረስ ያስመጣ ታላቅ ሰው ነበር።» መሐንዲስ አልነበረም። ኮረሪማውም ለዓለም ገበያ አልበቃም። ቃልም አልገባም። ፈረንጁ ግን መጥቷል፤ እሱን እመሰክራለሁ።

ጋሽ ደምሴ ይህን ቢያነብ ኖሮ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ከፈረንጁ በቀር ሁሉንም ይሰርዘው ነበር። እኔ ግን የተሰጠኝን መተየብ ሥራዬ ነው፤ ተየብኩት። ደግሞ «ቃል ገባ» የሚለውን ወሬ ለከተማው የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ እድሩ ያደረገው ማሳመር ብቻ ነው። ይህን ስንት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴን የማያውቅ የለም። ጋሽ ደምሴ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ወደዚያች ክፍል የመጣው ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚመጣበት፣ የስልክ መስመሩም ዝናብ በጣለ ቁጥር በሚታመምበት ዘመን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ የማይጥልባቸውን ቀኖች መቁጠር ይቀላል። ጥጉን እንዳከራየው ጠየቀኝ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ። ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ ኖሮ፣ በስተርጅና ጅማ ሄዶ ኮምፒዩተር ተምሮ መምጣቱ ነው።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት።

«ዌብሳይት።»

«እዚህ? ለማን?»

«እሱን አላውቅም» አለ።

እንዲህ ብሎ ሥራ የሚጀምር ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጥጉን ሰጠሁት። በሳምንቱ በራሱ እጅ ታፔላ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፤ «ዌብሳይት ይሠራል። የማይሠራውን ገብተው ይጠይቁ» ይላል። ጽሕፈቱ በጣም ያምር ነበር። ሰው ቆሞ ያነበውና ሳይገባ ያልፋል።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች አይጥ በልቷቸዋል። አንድ ደንበኛ «በኢንተርኔት ክፍያ መቀበልስ ይቻላል?» ብሎ ቢጠይቀው መጽሐፉን ገልብጦ የተበላውን ጫፍ ያሳየዋል። «እዚህ ነበረ» ይለዋል፤ «አሁን የለም።» የሠራውን ዌብሳይት ደግሞ ከእኛ መስመር ላይ መጫን ስለማይቻል በሲዲ ገልብጦ፣ ሲዲውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጅማ ይወስደዋል። መንገዱ ስላልተስተካከለ ሲዲውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። ለደንበኛውም ይህንኑ አንድ በአንድ ይነግረዋል፤ ጭኑን ጭምር።

ከሁሉ የሚለየው ግን የሥራ አጀማመሩ ነበር። ሌላው ነጋዴ ደንበኛ ሲገባለት የዕቃውን መልካምነት ከመንገር ይጀምራል። ጋሽ ደምሴ ከጎናችን ያለውን ልብስ ሰፊና ከመንገድ ያገኘውን አንድ ሰው ለምስክርነት ይጠራል። ከዚያ ደንበኛውን አስቀምጦ እኔ የተየብኩትን አንድ ገጽ ያነብለታል። ርዕሱ «ሥራው የማይጨምራቸው ነገሮች» ነው። «ገዢ ማምጣትን አይጨምርም። ከውጭ አገር ደብዳቤ መምጣቱን አይጨምርም። መብራት በሌለበት ቀን እዚህ ሆኖ ማየትን አይጨምርም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሐሳብ መቀየርን አይጨምርም። ጎረቤትን ማስቀናትን አይጨምርም።» የመጨረሻዋን የጻፋት ከብዙ ልምድ በኋላ ነው። በየ«አይጨምርም»ው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ያንኳኳል። ስሙም በዚሁ ደምሴ አይጨምርም ሆኖ ቀረ።

አንብቦ ሲጨርስ እርሳሱን አስቀምጦ እጆቹን ያጣምርና «አሁን መልሰህ ንገረኝ» ይላል። ደንበኛው በራሱ አፍ መልሶ መንገር አለበት። የተነበበለትን ቃል በቃል ከደገመ አይቀበለውም፤ «እሱ የእኔ ነው፤ ያንተን ንገረኝ» ይለዋል። ያቃተውን «ሂድ፣ ተኛበትና ነገ ና» ብሎ ይሸኛል። ቅድሚያ ክፍያ ጨብጦ የገባ ሰው እንደጨበጠ ሲወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ልብስ ሰፊው በዚህ ይገረም ነበር። «ይሄ ሰውዬ የሚሰጠው ሥራ ነው ንስሐ?» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከማር አምራቾች አንድ የቤንች ሽማግሌ ከጓደኛቸው ጋር መጡ፤ አማርኛቸው ገበያ አድርሶ የሚመልሳቸውን ያህል ነው። ጋሽ ደምሴ ዝርዝሩን አንብቦላቸው ሲያበቃ መልሰው መንገር ተቸገሩ። ይሸኛቸዋል ብዬ ስጠብቅ «በራስዎ ቋንቋ ለጓደኛዎ ይንገሩት፤ እሱ ለእኔ ይመልስልኝ» አላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጫካው ዘርግተው ረጅም ነገር ተናገሩ። ጓደኛቸው ተረጎመ። «ታፔላ ነው ይላሉ። ታፔላው የተተከለው ሩቅ አገር ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ካለ ያነበዋል፣ ከሌለ አያነበውም። ቢያነበውም መምጣት አለመምጣቱ የራሱ ነገር ነው።»

ጋሽ ደምሴ ተነሥቶ ጨበጣቸው። «ገብቶዎታል» አለ። ይህች ቃል እሱ ዘንድ ማኅተም ነበረች፤ እሷን ሳይል ሥራ አይጀምርም። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ «መጽሐፌ እንኳ እንዲህ አላስረዳኝም» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ምናልባት በተበላው በኩል ነበረ ይሆናል» አለ።

ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ የፔንሲዮን ባለቤት ነበሩ። ዌብሳይታቸው ላይ ከፔንሲዮኑ ጀርባ ሐይቅ እንዲታይላቸው ፈለጉ።

«የቱ ሐይቅ?» አላቸው።

«አንተ ጨምርበታ። ኮምፒዩተር አይደል እንዴ?»

«ሐይቅ አይጨምርም» አለ፤ እርሳሱንም አንኳኳ።

ግቢውን እንዳለ ፎቶ አነሣው፤ ከነበርሜሉ። ከሥሩም «ውሃ አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በርሜል ግን አለ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ብርቄ ይህን ሲያዩ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። ከወራት በኋላ አንድ የመንገድ ቀያሽ ሻንጣውን ይዞ በራቸው ላይ ቆሞ «በርሜሉ ያለበት ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው አራት ወር ተቀመጠ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሐይቁ ቢኖር ስምንት ወር ይቀመጥ ነበር ባይ ናቸው።

አንድ የቢሮ ኃላፊም ነበረ። የጎብኚዎችን ብዛት የሚያሳየው ቆጣሪ ከአሥር ሺህ እንዲጀምርለት ፈለገ። ጋሽ ደምሴ ከዜሮ አስጀመረው። በወሩ ቆጣሪው አሥራ አራት ሲል ኃላፊው ደስ ብሎት ሊያመሰግን መጣ። ጋሽ ደምሴም «ዘጠኙ እኔ ነኝ፤ እየሠራ እንደሆነ ሳይ ነው» አለው። ያ ቢሮ ሁለተኛ አልመጣም።

እንዲህ ያለውን ሰው ወደድኩት። መውደድ ስል ሌላ ነገር ማለቴ አይደለም። ከእሱ በፊት በዚያች ክፍል ውስጥ ስውል የሌላ ሰው ማመልከቻ፣ የሌላ ሰው ይግባኝ፣ የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ እየተየብኩ ነበር። ሁሉም የተጋነነ፣ ሁሉም «እጅግ በጣም» የበዛበት። አጠገቤ አንድ ሰው ነገሩን በልኩ ሲናገር መስማት እንደ ዕረፍት ሆነልኝ።

ችግሩ፣ ልክ የሆነ ነገር ፈላጊ የለውም። አንድ ሰሞን ለሁለት ወር ያህል የመጡት ሁሉ ዝርዝሩን ሰምተው «ተኝተንበት እንመጣለን» ብለው በዚያው ተኝተው ቀሩ። ጋሽ ደምሴ ጠረጴዛውን በስንዝር መለካት ጀመረ፤ በበሩ እንዴት እንደሚወጣ ሊያውቅ። ሲለካ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ማሽኔ እመልሳለሁ። ሐጂ ከድር የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፤ ጋሽ ደምሴ የአንድ አሮጌ ደንበኛ ሲዲ ይዞ ጅማ በሄደ ቀን።

ሐጂ ከድር ቤተሰባቸው ከጅማ በኩል መጥቶ ቴፒ የከተመ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው። የዓመቱን ኮረሪማ ከየጫካው ሰብስበው መጋዘን አስገብተዋል። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ጠየቁኝ።

«ፈረንጅ ያየዋል ወይ?»

«ያየዋል፣ ሐጂ።»

«ካየው በኋላስ?»

እዚህ ላይ «አይጨምርም» ማለት ነበረብኝ። ቃሏን ስንት ጊዜ ተይቤአታለሁ። ሐጂ ከድር ግን ፊታቸውን ወደ በሩ መለስ አደረጉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ጠረጴዛው ሲወጣ ታየኝ።

«ሁለት ወር አይሞላም፤ ፈረንጁ ራሱ ቴፒ ድረስ ይመጣልዎታል» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሐጂ ከድር ካፖርታቸውን አወለቁ።

ጋሽ ደምሴ ሲመለስ ምስክሮቹን ጠርቶ፣ ዝርዝሩን አንብቦ፣ «መልሰው ይንገሩኝ» አላቸው። ሐጂ ከድር የመለሱት ነገር እንከን አልነበረውም። ታፔላ ነው፤ ሩቅ አገር ነው፤ ገዢ ላይመጣ ይችላል፤ ቢመጣም በራሱ ነው፤ አሉ። ጋሽ ደምሴ ደስ ብሎት «ገብቶዎታል» አለ። ሐጂ ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። የፈገግታቸው ትርጉም ገብቶኝ ደነገጥኩ። እሳቸው የኖሩበት ገበያ ውስጥ በምስክር ፊት የሚነበብ ወረቀት ለወግ ነው፤ ማንም ነጋዴ ሀብቱን በአደባባይ አይናገርም። እውነተኛው ነገር በጎን፣ በዝግታ፣ በጸሐፊዋ በኩል ነው የሚነገረው። ጋሽ ደምሴ ያን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ እሳቸው የገመቱት ሰውየው ከሰው ዓይን እየተጠነቀቀ ነው ብለው ነው።

የዚያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ አልኩ፤ ነገም ነገ እላለሁ አልኩ።

ዌብሳይቱ ተሠርቶ ጅማ ደርሶ ተጫነ። የጅማ ነጋዴዎች እንደ ልማዳቸው ቴፒ መጥተው ኮረሪማውን ጠየቁ። ሐጂ ከድር «ፈረንጅ እየጠበቅሁ ነው» ብለው መለሷቸው። ነጋዴዎቹ ሁለተኛ መጡ፤ ሁለተኛም መለሷቸው። ሦስተኛ አልመጡም። ከዚያ ዝናቡ በረታ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላብ ላብ አለው። አንድ ጠዋት ሐጂ ከድር ከጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ክፍላችን ገቡ። ልብስ ሰፊው ክር ሊዋስ መጥቶ እዚያው ነበር።

«ደምሴ፣ ፈረንጁ ዘገየ» አሉ።

«የትኛው ፈረንጅ?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«በሁለት ወር ይመጣል ያላችሁት። ኮረሪማው እየሻገተ ነው። ዓመት የደከምኩበት ነው፣ ልጆቼ የሚበሉት እሱን ነው።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። «ደምሴ? ደምሴ አይጨምርም ፈረንጅ ይመጣል አለ?» አለ። ሐጂ ከድር እኔን ነው ያዩት። ጋሽ ደምሴም የእሳቸውን ዓይን ተከትሎ አየኝ። ከማሽኑ ላይ እጄን ማንሣት አልቻልኩም፤ የማንም ያልሆነ አንድ መስመር ሙሉ ፊደል ተይቤ ኖሯል።

ጋሽ ደምሴ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አላንኳኳም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «ለአስቴር ንገሪያቸው ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ካፖርቱን አንሥቶ ከሐጂ ከድር ጋር ወጣ፤ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ቴፒ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮረሪማውን ከመጋዘን እያወጣ፣ የሻገተውን ከደህናው እየለየ፣ ደህናውን ከእሳት በላይ ቆጥ ላይ እያደረቀ ከሐጂ ቤተሰብ ጋር ዋለ። ከዚያ ጆንያዎቹን ከሐጂ ጋር ጭኖ አዲስ አበባ ሄዶ ባልትና ቤት ለባልትና ቤት ዞረ። የጅማ ነጋዴዎች ከሰጡት ባነሰ ተሸጠ። የሻገተው ተጣለ። የሐጂ ቤት ያን ዓመት ጠበበው እንጂ አልተዘጋም።

በመጨረሻ ደግሞ ማሻ ሄደ። እዚያ የከብት ሐኪም የሆነ አንድ ፈረንጅ ነበር። ጋሽ ደምሴ ምን ብሎ እንዳሳመነው አላውቅም፤ እንደማውቀው ከሆነ ምን እንደማይሆን አንድ በአንድ ነግሮት ይሆናል። ፈረንጁ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ቴፒ መጣ። ሐጂ ከድር ቤት ምሳ በላ። አንድ ኪሎ ኮረሪማ ገዛ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ።

ጋሽ ደምሴ ተመልሶ ሲመጣ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። «ፈረንጅ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መጣ። ስንት ይገዛል የሚለውን አይጨምርም።» አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ አዲስ መስመር አስተየበኝ። «በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ሰው በጎን የተናገረውን አይጨምርም።» ተየብኩት። አንብቤ እንዳሰማው ጠየቀኝ፤ አነበብኩ። መልሰሽ ንገሪኝ አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የጋሽ ደምሴ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነበር፤ ሥራ ጎረፈለት። ፈረንጅ አመጣለሁ ብሎ ያመጣ ሰው ተብሎ ስሙ ከሚዛን እስከ ማሻ ናኘ። የሆቴሉ፣ የማሩ፣ የዝንጅብሉ ባለቤት ሁሉ በሬ ላይ ተሰለፈ። ጋሽ ደምሴ ዝርዝሩን ያነባል፤ ሰዎቹ ይጠቃቀሳሉ። «መልሳችሁ ንገሩኝ» ይላል፤ አሳምረው ይነግሩታል። ሊወጡ ሲሉ «ግን እንደ ሐጂ ከድር ነው አይደል?» ይሉታል። «እኔ ፈረንጅ አመጣለሁ አላልኩም» ማለት አይችልም፤ በምስክር ፊት ብያለሁ ብሏል። ልክ ሆኖ የኖረ ሰው ልኩን የሚያምንለት አጣ። ፊቱ በየቀኑ ሲጠቁር አየዋለሁ፤ እኔም ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ።

አንድ ጠዋት ስመጣ ጠረጴዛው የለም። ለካ በበሩ ይወጣ ኖሯል። ሸኮ ወርዶ ወደ ታፔላ ጽሕፈቱ ተመለሰ። የምግብ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የወፍጮ ቤት ታፔላ ይጽፋል ሲሉ እሰማ ነበር። ተቆጥቶኝ ነው የሄደው ብዬ ሄጄ አላየሁትም። አፍሬ ነው። ሰው ስንት ዓመት ሊያፍር እንደሚችል ያወቅሁት በራሴ ነው።

እንግዲህ የተየብኩት የሕይወት ታሪክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተነበበ። «በገባው ቃል መሠረት» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከቀብር በኋላ ድንኳን ገብተን ስንቀመጥ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ቦታ ያዙ። ሐጂ ከድር ናቸው፤ ከቴፒ በዚያ ዕድሜያቸው መጥተዋል።

«ጽሕፈቱ ያምራል። አንቺ ነሽ የተየብሽው?» አሉኝ።

አዎ ብዬ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ስንት ዓመት የኖርኩት እንደዚያ ነው።

«ሐጂ» አልኩ፤ «ፈረንጅ ይመጣል ያልኩዎት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ አላለም። ንገሪያቸው ብሎም አላዘዘኝም። የዚያን ጊዜ ኮረሪማዎ የሻገተው በእኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ያኔ ወደ ቴፒ ስንሄድ፣ ጋቢና ውስጥ ሆነን፣ ‹ለአስቴር መቼ ነው ንገሪያቸው ያልካት?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ማክሰኞ፣ እርስዎ የመጡ ዕለት ጠዋት› አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት እኮ እሱ ጅማ ነው። ሰውዬው ውሸት አልለመደም፤ ቀን እንኳ መምረጥ አያውቅበትም።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ድንኳን ውስጥ እንደሆንኩ ትዝ ሲለኝ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ? ያንቺን ጥፋት ተሸክሞ ያን ያህል መንገድ ከመጣ በኋላ አንተ አይደለህም ብዬ ላስወርደው? ኋላ ራሱ ነገረኝ። ‹የዋሸችው ጠረጴዛዬ እንዳይነሣ ብላ ነው› አለኝ። ‹ጥፋት ነው፤ ግን ለእኔ ብሎ እንዲህ ያደረገ ሰው የለኝም› አለኝ።»

«ታዲያ ተቆጥቶ ለምን ሄደ?»

«ተቆጣ ያለሽ ማን ነው? ሰዉ ሁሉ ፈረንጅ አምጣልኝ ሲለው፣ አላልኩም ለማለት ያንቺን ስም መጥራት ነበረበት። አንቺን ከሚጠራ ጠረጴዛውን ማንሣት ቀለለው። ሸኮ ባገኘሁት ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር፤ ‹አስቴር ደህና ናት?› ይላል።»

ሰው ንፍሮ ይዞ መጣ፤ ሁለታችንም አልወሰድንም። ሐጂ ከድር ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው እጆቻቸውን ላዩ ላይ አጣመሩ።

«አሁን መልሰሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

«እርስዎ እንዳሉት፣ ስሜን ላለመጥራት ብሎ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱ የእኔ ነው። ያንቺን ንገሪኝ።»

የነጠላዬን ጫፍ አጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት። እሳቸውም አላስቸኮሉኝም።

«ጠረጴዛው እንዳይነሣ ብዬ ዋሸሁ» አልኩ። «ጠረጴዛውን ያስነሣው ያ ውሸት ነው። ጋሽ ደምሴ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አልተቆጣኝም። ሸኮ ቅርብ ነበር። ሄጄ ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልሄድኩም።»

ሐጂ ከድር ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አንዴ አንኳኩ።

«ገብቶሻል» አሉ።